ሁለት ጎን፣ አንድ አንገት፦ እንደ ድሪያ የላላ የሙቀት ቀሚስ አሰፋፍ

ግንቦት ላይ ጂንስ ለብሼ ድሬዳዋ ገባሁ። ጥፋቴ ነው። አክስቴ በር ላይ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ ድሪያ አውጥታ ሰጠችኝ። «አቦ፣ መጀመሪያ ይሄን ቀይሪ፣ ከዚያ እንሳሳማለን» አለች። ለብሼው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነፍሴ ተመለሰች።

ማታ ድሪያውን ገልብጬ አየሁት። የትከሻ ስፌት የለውም። እጅጌውም ለብቻው አልተቀጠለም። ዚፕ የለ፣ ቁልፍ የለ። አንድ ረጅም ጨርቅ ለሁለት ታጥፏል፣ መሀሉ ላይ አንገት ተቀዷል፣ ግራና ቀኙ ተሰፍቷል። በቃ። ስንት ዓመት «ቀሚስ መስፋት ከባድ ነው» ስል የኖርኩት ለዚህ ነው እንዴ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ያህል ሰፍቻለሁ። ሦስቱን አበላሽቻለሁ። ከሦስቱ አንዷ እንኳን በጎኗ ስፌት አልተበላሸችም፤ ወይ ጨርቁ ነው ያጠፋው፣ ወይ አንገቱ። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ብዙ አወራለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

የምንሰፋው ትክክለኛውን የድሬ ድሪያ አይደለም። እሱ በጣም ሰፊና ስስ ስለሆነ ከስር የውስጥ ቀሚስ ይፈልጋል። የእኛው በድሪያ ቅድ ሆኖ ጠበብ ያለ፣ ጨርቁ ትንሽ ወፈር ያለ፣ ቁመቱ ባት ላይ የሚያርፍ፣ ኪስ ያለው ነው። ቤት ውስጥም፣ ሱቅ ደርሶ ለመመለስም ይሆናል። ወገብ ስላልያዘ አየር በውስጡ ያልፋል። ቅዝቃዜው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ሰውነት ላይ የተለጠፈ ልብስ የቱንም ያህል ስስ ቢሆን ያልባል። ደግነቱ፣ ሰውነት ላይ የማይለጠፍ ልብስ ለመስፋትም ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ ፈረንጅ «የሰመር ቀሚስ» ሲል ሰኔና ሐምሌን ነው የሚያስበው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ እየረገጥን ነው። ለደጋ ሰው ይህ ቀሚስ የመጋቢትና የሚያዝያ ነው። ለድሬ፣ ለሰመራና ለጋምቤላ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ጀለቢያውን ስለምታውቁት ቅዱ አዲስ አይሆንባችሁም።

ጨርቁ

ጥጥ ግዢ። ፖፕሊን የሚባለው የጥጥ ጨርቅ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል። አይንሸራተትም፣ ካውያ ይቀበላል፣ መቀስ ሲገባበት አይሸሽም። ሳቲንና ሽፎን ሱቅ ውስጥ ተሰቅለው ያምራሉ፣ የስፌት መኪና ስር ሲገቡ ግን እንደ አሳ ያመልጡሻል። ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ቀሚስሽ ተያቸው።

ችግሩ ነጋዴው ሁሉንም «ንጹህ ጥጥ ነው» ማለቱ ነው። ከጨርቁ ዳር ሁለት ሦስት ክር ምዘዢና ውጪ ወጥተሽ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ነው፣ የሚተርፈውም በጣት የሚበን አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ይኮማተራል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሠራል። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ታያለሽ። ድብልቅ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ አይጨማደድም፤ ድሬ ላይ ግን አልለብሰውም።

ሌላው መፈተሻ እጅሽ ነው። ጨርቁን አንድ ድርብ ብቻ አድርገሽ ከኋላው እጅሽን ዘርጊና ወደ ብርሃን ያዢው። ጣቶችሽ አንድ በአንድ ከተቆጠሩ፣ እግርሽም በፀሐይ እንደዚያው ይቆጠራል።

የጨርቁ አበባ ወይም ሥዕል ወዴት እንደሚያይም ተመልከቺ። እኛ የትከሻ ስፌት ስለማንሠራ ያው ጨርቅ ከፊት ወርዶ፣ ትከሻ ላይ ዞሮ ከኋላ ይወርዳል። አበባው ሁሉ ወደ ላይ የቆመ ከሆነ ከኋላ ተዘቅዝቆ ይገኛል። የመጀመሪያዋ የተበላሸች ቀሚሴ ይቺ ናት። ከፊት ወፎቹ ይበራሉ፣ ከኋላ በጭንቅላታቸው ተተክለዋል። አንድ ቀለም፣ ነጠብጣብ፣ ወይም አበባው በየአቅጣጫው የተበተነ ጨርቅ ምረጪ።

ስንት ሜትር? የጨርቁ ወርድ 115 ሳንቲሜትር ከሆነ 2.75 ሜትር ይበቃል። ይህ ከትከሻ እስከ ባት 115 ሳንቲሜትር ለሆነች ሴት ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት ከፈለግሽ 3.25 ግዢ። የሽሮ ሜዳን የሽመና ጨርቅ ለዚህ አላመጣውም። ያምራል፣ ግን ጠባብ ነው፣ ከተቀደደ በኋላም ዳሩ ቶሎ ይተረተራል። ለጀማሪ ይከብዳል።

ከመቀስ በፊት

ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ጥጥ በመጀመሪያ እጥበት ይሰበሰባል፤ ከ100 ሳንቲሜትር ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቢበላ አይግረምሽ። ሳታጥቢ ሰፍተሽ ኋላ ብታጥቢው ባት ላይ የነበረው ጉልበት ላይ ይወጣል። ውሃው ከቀላ ወይም ከጠቆረ ቀለሙ ይለቃል ማለት ነውና ውሃው እስኪጠራ እጠቢ። ሳትጨምቂ ዘርጊው፣ ትንሽ እርጥበት እያለው ተኩሺው።

ካውያውን ቅርብ አድርጊ። መብራት ሊሄድ ይችላልና መብራት እያለ የመተኮሱን ሥራ ቅድሚያ ስጪ፣ በእግር መኪና መስፋቱ በሻማም ይሆናል። የከሰል ካውያ ያላት ደግሞ ትኩራ። ስፌት ላይ አዲስ የሆኑ ሰዎች ካውያን የመጨረሻ ሥራ ያደርጉታል። እኔ በየስፌቱ መሀል ነው የምተኩሰው። የተተኮሰ እጥፋት ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆምልሻል፣ መኪናው ዝም ብሎ ይከተለዋል።

የሚያስፈልጉሽ ሌሎች ነገሮች፦ የጨርቅ መቀስ (ወረቀት ያልቆረጠ)፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ከጨርቁ ቀለም ጋር የሚሄድ ክር፣ ቁጥር 80 የመኪና መርፌ። ምልክት ማድረጊያ ጠመኔ ከሌለሽ ያለቀ የገላ ሳሙና ስባሪ ከጠመኔም ይበልጣል። ጠርዙ ሲደርቅ ስል ይሆናል፣ በመጀመሪያው እጥበትም ይለቅቃል። ነጭ ጨርቅ ላይ ግን አይታይም፣ እርሳስ ሳትጫኚ ተጠቀሚ።

ልኬት

ሦስት ልክ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቁመት ነው። ሜትሩን አንገትሽ ከትከሻሽ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጀምሪና በደረትሽ በኩል እስከምትፈልጊበት ድረስ አውርጂው። ሰው ይለካልሽ፤ ራስሽ ጎንበስ ብለሽ ስትለኪ ቁጥሩ ይዋሻል።

ሁለተኛው ስፋት ነው። ደረትሽንና ዳሌሽን ዙሪያውን ለኪ፣ ትልቁን ያዢ። ለሁለት ክፈዪው፣ 20 ጨምሪ፣ ለስፌት ደግሞ 3 ጨምሪ። ዳሌዋ 104 የሆነች ሴት፦ 52 ሲደመር 20 ሲደመር 3፣ 75 ሳንቲሜትር። ጠበብ ያለ የምትወድ 20ውን 14 ታድርገው። ከ14 በታች አትውረጂ፣ ስትቀመጪ ይይዝሻል። ከ20 በላይ ከሄድሽ ደግሞ ማዳበሪያ የለበስሽ ትመስያለሽ፣ ጨርቁ በጣም ስስና ወራጅ ካልሆነ በቀር።

ሦስተኛው የራስሽ ዙሪያ ነው። አዎ፣ የጭንቅላትሽ። ቀሚሱ ቁልፍ ስለሌለው በራስሽ ነው የሚገባው። ሹሩባ የምትሠሪ ወይም አፍሮ የምታበጥሪ ከሆነ ከነጸጉርሽ ለኪው። አብዛኛው ሰው ከ55 እስከ 58 መሀል ይሆናል።

መቁረጥ

ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ፣ ጠረጴዛ ካነሰሽ ወለሉን ወልውለሽ ምንጣፍ የሌለበት ላይ ዘርጊ። ድሩ በቀሚሱ ቁመት መሄድ አለበት። ድሩ የቱ እንደሆነ ካልገባሽ የጨርቁን የተሸመነ ዳር ተመልከቺ፣ ድሩ ከእሱ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። ጠመም ብሎ የተቆረጠ ቀሚስ ከሁለት እጥበት በኋላ ስፌቱ ወደ እግርሽ ፊት እየዞረ ይመጣል፤ ሱቅ የተገዙ ርካሽ ቲሸርቶች ላይ አይተሽው ይሆናል።

አሁን አንድ ሬክታንግል ቁረጪ። ስፋቱ 75። ርዝመቱ ቁመትሽ ሲደመር 4፣ ከዚያ እጥፍ። ለእኛ ምሳሌ 115 እና 4፣ 119፤ እጥፉ 238 ሳንቲሜትር። ከጎን 35 ወይም 40 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ይተርፍሻል። እንዳትጥይው፣ ኪሱም የአንገቱ ጥብጣብም ከዚያ ነው የሚወጣው።

ሬክታንግሉን መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ለሁለት እጠፊው፤ እጥፋቱ ትከሻ ነው። ቀጥሎ ከግራ ወደ ቀኝ ለሁለት እጠፊው፤ ይህ እጥፋት የደረትና የጀርባ መሀል ነው። አራት ድርብ ሆነ። ሁለቱ እጥፋቶች የሚገናኙበት ማዕዘን አንገትሽ ነው። ሌላ ማዕዘን እንዳትነኪ። የምሬን ነው፣ ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው ትክክለኛው፣ መቀስ ይዞ የቸኮለ ሰው ሁልጊዜ ሌላውን ያገኛል። ከመቁረጥሽ በፊት ማዕዘኑን በሁለት ጣት ይዘሽ ጨርቁን አንሺው። ቀሚሱ እንደ ተሰቀለ ሆኖ ከተንጠለጠለ ልክ ነሽ።

ከዚያ ማዕዘን በትከሻው እጥፋት ላይ 9 ሳንቲሜትር ለኪና ምልክት አድርጊ። ዘጠኝ፣ አሥራ ስምንት አይደለም። ጨርቁ የታጠፈ ስለሆነ ሲዘረጋ ራሱ 18 ይሆናል። ሁለተኛዋን ቀሚሴን የበላት ይሄ ነው። አሥራ ስምንት ሙሉውን ለክቼ ቆረጥኩ፣ ስዘረጋው 36 ሆነ፣ ለብሼው በሁለቱም ትከሻ ወርዶ ወገቤ ላይ ቆመ። ታናሽ እህቴ ጉርድ አድርጋ ለብሳዋለች፣ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ከዚያው ማዕዘን በመሀሉ እጥፋት ላይ ወደ ታች 2 ሳንቲሜትር ለኪ፤ ይህ የጀርባው ጥልቀት ነው። ሁለቱን ምልክቶች ጠፍጠፍ ባለ ቅስት አገናኝተሽ አራቱንም ድርብ አንድ ላይ ቁረጪ። ከዚያ የጀርባውን ድርብ ከስር አውጥተሽ ገለል አድርጊ። በቀሩት በሁለቱ የፊት ድርቦች ላይ ብቻ 12 ሳንቲሜትር ወደ ታች ለክተሽ አዲስ ቅስት ሥሪና ቁረጪ።

አሁን ዘርጊና የአንገቱን ቀዳዳ ዙሪያ ሜትሩን በጠርዙ አቁመሽ ለኪው። ወደ 52 ያህል ይመጣል። አንገቱ ሲሰፋ ዳሩ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ቀዳዳው 4 ሳንቲሜትር ያህል ይሰፋል፣ 56 ይሆናል ማለት ነው። ያለቀው አንገት ከራስሽ ዙሪያ በ2 ሳንቲሜትር ቢበልጥ ይመቻል። ካነሰ የፊቱን ቅስት በአንድ በአንድ ሳንቲሜትር አጥልቂ፣ በየጊዜውም መልሰሽ ለኪ። 14 ላይ ስትደርሺ የብዙ ሰው ራስ ያልፋል። ጠባብ አንገት መቀስ ይጠብቃል፤ የሰፋ አንገት ግን የሚጠበው በቁልፍና በሽብሽብ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

አንገቱን መስፋት

እዚህ አትቸኩዪ። ሻይሽን አሁን ጠጪ።

መጀመሪያ ከአንገቱ ጠርዝ ግማሽ ሳንቲሜትር ገባ ብለሽ ዙሪያውን አንድ ጊዜ በመኪና ስፊ። ምንም ከምንም አያገናኝም፣ ጨርቁ እንዳይለጠጥ ብቻ ነው። ክብ የተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙ በሰያፍ ስለሚሄድ እጅሽ ሲነካው እየሰፋ ይሄዳል። ይህን ስፌት የዘለለ ሰው «እንዴት ነው አንገቴ የተንዘላዘለው» እያለ ይኖራል።

ቀጥሎ ከተረፈው ቁራጭ ጥብጣብ አውጪ። በድሩ ወይም በማጉ ሳይሆን በሰያፍ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ነው የሚቆረጠው። ስፋቱ 3.5 ሳንቲሜትር። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይሳባል፣ ስለዚህ ክብ ላይ ሳይጨማደድ ይዞራል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ግን ክብ ላይ ይንጨፈረራል። ከአንድ ቁራጭ ሙሉው ርዝመት አይገኝልሽም፣ ስለዚህ ሁለት አውጥተሽ ቀጥያቸው። መቀጠያው ትከሻ ላይ እንዲያርፍ አድርጊ፣ ከፊት አይታይም።

የጥብጣቡን ደህና ገጽ ከቀሚሱ ደህና ገጽ ጋር ፊት ለፊት አድርገሽ ዙሪያውን በስፒል ያዢ። ጥብጣቡን ሳታበዢው ትንሽ ሳብ እያደረግሽ ያዢው። ይህ ትንሽ መሳብ አንገቱን አንገትሽ ላይ ያስተኛዋል። ከጠርዙ 7 ሚሊሜትር ገብተሽ ስፊ። የመኪናው የስፌት ርዝመት 2.5 ይሁን። ጥምዝ ላይ መርፌው ጨርቁ ውስጥ ወርዶ እያለ ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር አንሺ፣ ጨርቁን ትንሽ አዙሪ፣ እግሩን መልሺ። የቸኮለች መኪና ክብ አትሰፋም።

ከዚያ በመቀስሽ ጫፍ ዙሪያውን በየአንድ ሳንቲሜትር ተኩል ትንንሽ ጭረት አድርጊ፤ ስፌቱ ጋ ቀርበሽ፣ ስፌቱን ሳትነኪ። ጥብጣቡን ወደ ውስጥ ገልብጪ፣ ጠርዙን አጥፈሽ ደብቂው፣ ተኩሺ፣ ከዚያ ከጥብጣቡ ዳር 2 ሚሊሜትር ገብተሽ ድጋሚ ስፊ። ከውጪ አንድ ንጹህ መስመር ብቻ ነው የሚታየው።

የተጨማደደ ቦታ ካለ? ካውያ በእንፋሎት ብዙ ነገር ይቅር ይላል። ካልሆነ ያንን አራት ጣት ያህል ብቻ ፍቺና ድገሚው። ሙሉውን አትፍቺ።

ኪስ

ጎኑ ከመሰፋቱ በፊት ነው የሚሠራው፣ ጨርቁ ገና ጠፍጣፋ እያለ። 18 በ22 ሳንቲሜትር ሁለት ቁራጭ ቁረጪ። የላይኛውን ጠርዝ 2 ሳንቲሜትር ሁለት ጊዜ አጥፈሽ ስፊ፣ ሌሎቹን ሦስት ጎኖች 1 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ተኩሺ። ቀሚሱን ልበሺው፤ ጎኑ ክፍት ቢሆንም ግድ የለም። እጅሽን ዘና አድርገሽ ጣዪና መዳፍሽ ያረፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጊ። ኪሱ እዚያ ነው። ሦስቱን ጎን ስፊ፣ የላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ወደፊት ተመላለሺ። ስልክ የሚገባበት ኪስ የሚቀደደው ከዚያ ነው።

ጎኖቹ

ይህ ቀላሉ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን ረጃጅም ዳሮች ከላይ እስከ ታች በዚግዛግ ስፊያቸው፣ እንዳይተረተሩ። መኪናሽ ዚግዛግ ከሌለው ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ ኦቨርሎክ (ዳሩን በመኪና መዘምዘም) አስደርጊ፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ወይም በእጅሽ ዘምዝሚው።

ቀሚሱን ደህናው ገጽ ወደ ውስጥ ሆኖ ትከሻው ላይ እጠፊ። ከትከሻው እጥፋት ወደ ታች 24 ሳንቲሜትር ለኪና በሁለቱም በኩል ምልክት አድርጊ። ይህ የእጅ ማውጫው ነው። ክንድሽ ሞላ ያለ ከሆነ 26 አድርጊው። 30 ግን አይሁን፣ እጅሽን ስታነሺ የውስጥ ልብስሽ ለሰፈር ይታያል።

ከታች ደግሞ ስትራመጂ እንዳይይዝሽ 20 ሳንቲሜትር ያህል ሳይሰፋ ተዪ። ከምልክቱ ጀምረሽ እስከዚያ ድረስ፣ ከጠርዙ 1.5 ሳንቲሜትር ገብተሽ ቀጥ ብለሽ ስፊ። ብብት ጋ መነሻው ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሺ። ቀሚሱ በሙሉ የሚጎተተው በዚያች ነጥብ ነው።

ስፌቱን ግራና ቀኝ ከፍተሽ ተኩሺው። እዚህ ጋ የዚህን ቅድ ብልሃት ታያለሽ። የስፌቱ ትርፍ ወደ ላይ ሲሄድ ራሱ የእጅ ማውጫው እጥፋት ይሆናል፣ ወደ ታች ሲሄድም ሳይሰፋ የተተወው ስንጥቅ እጥፋት ይሆናል። ያንን እጥፋት ተከትለሽ ዙሪያውን መስፋት ብቻ ነው የሚቀርሽ።

ታችኛው ጫፍ

ልበሺውና መስታወት ፊት ቁሚ። ቀበቶ የምታስሪበት ከሆነ አስረሽ እዪው፣ ቀበቶ ቀሚሱን ወደ ላይ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ይወስደዋል። ቁመቱ ከተስማማሽ 1 ሳንቲሜትር እጠፊ፣ ተኩሺ፣ ቀጥሎ 3 ሳንቲሜትር እጠፊ፣ ተኩሺ፣ ስፊ። ቀምቅመሽ ስትጨርሺ የተንጠለጠሉ ክሮችን ሁሉ ቁረጪ።

ቀበቶውን ከተረፈው ቁራጭ 7 በ180 ሳንቲሜትር አውጪ፤ በርዝመቱ አጥፈሽ ስፊና ገልብጪው። ወገብ ላይ ላስቲክ ማስገባትም ይቻላል። ለመጀመሪያ ቀሚስ ግን አልመክርም። ላስቲኩ ባለበት ሁሉ ላብ ይጠራቀማል፣ ከሙቀት ሸሽተን ወደ ሙቀት እንመለሳለን።

መኪናው ሲያስቸግር

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እያወሩ ይሰፋሉ፣ ጨርቁን ብዙም አያዩትም። እኔና አንቺ ግን ገና እናያለን፣ መኪናውም ያውቅብናል።

ክር ከጨርቁ ስር ተጠምጥሞ ከተከማቸ ሰው ሁሉ የታችኛውን ክር ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ነው። ክሩን ሙሉ በሙሉ አውጪ፣ እግሩን ወደ ላይ አንሺ፣ ከዚያ እንደገና አስገቢው። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ካስገባሽ ክሩን የሚይዙት ዲስኮች ተዘግተዋልና ክሩ መሀላቸው አይገባም። ስፌት እየዘለለ የሚሰፋ ከሆነ መርፌው ደንዝዟል ወይም ተጣሟል፣ ለውጪው። ክሩ ቶሎ ቶሎ ከተበጠሰ አርጅቶ ይሆናል፤ በሁለት እጅሽ ሳብ አድርጊው፣ ያለ ድምፅ ከተበጠሰ ወዲያ በይው። እና ሁልጊዜ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሪ፣ ቀሚሱ ላይ አይደለም።

መኪና የሌላት ደግሞ በእጇ ትሰፋዋለች። ጎኖቹን እንዲህ ነው፦ መርፌውን አውጪ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰሽ አስገቢው፣ በስር ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደሽ አውጪው። እንደገና አንድ ወደ ኋላ። ከውጪ ሲታይ የመኪና ስፌት ይመስላል፣ ጥንካሬውም አይተናነስም። ክሩ ከክንድሽ ርዝመት አይብለጥ፣ ረጅም ክር ይቋጠራል። ሁለት ማታ ይፈጃል። ሬዲዮ ክፈቺ።

ወንዶች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ አንገቱን በራሳችሁ ዙሪያ ልክ ቁረጡት፣ ቁመቱን አሳጥሩት፣ ለቤት የሚሆን ሰፊ ሸሚዝ ይወጣላችኋል። ደግሞ «የሴት ሥራ ነው» እንዳትሉኝ፣ በየሰፈሩ ደጃፍ ላይ መኪና ዘርግቶ የሚሰፋው አብዛኛው ወንድ ነው።

ሦስተኛዋ የተበላሸች ቀሚሴ ምን ሆነች ያላችሁ እንደሆነ፣ ጨርቁን ሳላጥብ ሰፋኋት። ቀይ ነበረች። ከነጭ ነጠላዬ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ ገባች። ነጠላው አሁን ሮዝ ነው፣ ቀሚሷም ጉልበቴ ላይ ቀርታለች። አክስቴ ሮዙን ነጠላ አይታ ከየት ገዛሽው አለችኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።